ጭስ ያልነካው ማር

በአንድ ወቅት፣ ሰው ንብን እንደ ጎረቤት ሰላም ብሎ በሚያልፍበት ዘመን፣ ዛንቦ የሚባል የደን አገር ነበር። የት ነው አትበሉኝ፤ እኔም አላየሁትም። የነገሩኝ ሰዎች ግን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ፈጦ ነበር፤ ሳወራላችሁ የእኔም ቢፈጥ አትሳቁብኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ እስክጨርስ ማንም «እኔ አውቄዋለሁ» ብሎ እንዳያቋርጠኝ። ስጨርስ እኔው ራሴ እጠይቃችኋለሁ።

ዛንቦ ጨው የላትም። ብረት የላትም። ጥጥም አይበቅልባትም። ያላት ደን ነው፤ በደኑ ውስጥ ደግሞ ንብ። ዛፎቹ ከመርዘማቸው የተነሳ ጫፋቸውን አያለሁ ብሎ ቀና ያለ ሰው ቆቡ ከራሱ ላይ ይወድቅበት ነበር ይባላል። በየዛፉ ቀፎ ተሰቅሏል። ማሩ በገንቦ ተሞልቶ፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ፣ አርባ ቀን ቁልቁል ተጉዞ ወደቡ ይደርሳል፤ ከዚያ በመርከብ ወደ ሰው አገር ይሻገራል። በምትኩ የሚመጣው ጨው ነው፣ ማረሻ ነው፣ ኩታ ነው። ማሩ ሲሄድ ዛንቦ ትበላለች፣ ትለብሳለች፤ ማሩ ሲቀር ጨው የሌለው ወጥ እየበላች ትቀመጣለች።

የደኑ ጠባቂ «የዛፍ አባት» ይባላል። በዚያን ጊዜ የዛፍ አባት የነበሩት አባ ተድላ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ፣ ሲገረሙ ግን እንደ ሕፃን አፋቸውን የሚከፍቱ ሽማግሌ። በአንገታቸው ቀንደ መለከት አንጠልጥለው ይዞራሉ። ያ ቀንድ ሲነፋ ማር ይቆረጣል፤ ሳይነፋ ማንም ዛፍ አይወጣም።

ስለ ቀንዱ ሁለት የቆዩ ልማዶች ነበሩ። ልብ በሉ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእነሱ ላይ ነው። አንደኛው፣ የንብ ጥበብ በአደባባይ አይነገርም። የዛፍ አባት የሚተካውን ልጅ ከዛፍ ሥር ያስቀምጥና በጆሮው ያንሾካሹክለታል፤ ሌላው ሰው «እንዲህ አድርግ» ሲባል ያደርጋል እንጂ «ለምን?» አይልም፤ ምስጢሩን ቢሰማ ንቡ ጥሎት ይኮበልላል ተብሎ ይታመናል። ሁለተኛው፣ ቀንዱ የሚሰጠው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሴት ወንድ አይባልም፣ የሚገባው ይወስዳል። ደኑ እንዳይቆራረስ ሲባል የቀሩት ልጆች በዚያው ቀን ወንዙን ተሻግረው ሸለሞ ወደሚባለው አገር ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ በዛንቦ ደን ቀፎ አይሰቅሉም፣ በዛንቦ ቤት አያድሩም። ሸለሞ ማለት እንግዲህ፣ ከስንት ትውልድ ጀምሮ ያልተመረጡ ልጆች የሰፈሩባት አገር ናት።

አባ ተድላ ቀንዱን በተቀበሉ ዕለት ሁለት ወንድሞቻቸው ወንዙን ሲሻገሩ ቆመው አይተዋል። ታናሽየው ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም። ይህን ሁሉ ዘመን ኖረው ያቺን ቀን አልረሷትም፤ አሁን ደግሞ ተራው የእሳቸው ሆነ። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ጓንጉል በኩሩ ነው፣ ቢሻው ይከተላል፣ ትዋብ የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ናት። ሦስቱንም እኩል ይወዷቸዋል። አንዱን መምረጥ ማለት ሁለቱን ማጣት ነው፤ ሽማግሌው የሚፈሩትም ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ ጣጣው የጀመረው ማሩ ተመልሶ የመጣ ዕለት ነው። ነጋዴዎቹ አርባ ቀን የወረዱበትን ጭነት እንዳለ ይዘው ወጡ። «አልፈለጉትም» አሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። አገር ተሰብስቦ ተመካከረ።

ዛንቦዎች ደግሞ ማር የሚወዱት ከነጭሱ ነው። ንቡን በኩበት ጭስ ያባርሩና ይቆርጡታል፤ ገንቦውን ደግሞ በወይራ ያጥኑታል። ለቤተሰብ አንድ ጊዜ የታጠነ፣ ለአማች ሁለት ጊዜ፣ ለንጉሥ ሦስት ጊዜ። ጭስ ጭስ የማይል ማር ለእንግዳ ማቅረብ «ከቤቴ ውጣልኝ» ከማለት አይለይም። ታዲያ ሸንጎው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ንቀናቸዋል! ለባሕር ሰዎች ሁለት ጊዜ ብቻ የታጠነ ልከን አስቀየምናቸው!» አለ። በዓመቱ ሦስት ጊዜ አጥነው ላኩ። ተመለሰ። ወይ ጉድ፣ ምን ያህል ቢቀየሙ ነው ተባለና በሦስተኛው ዓመት ሰባት ጊዜ አጠኑት። በቅሎዎቹ እንኳ አርባውን ቀን ሙሉ እያስነጠሱ ወረዱ። ያኛውስ ጭራሽ በወደቡ በር አላለፈም።

ጨው አለቀ። ማረሻው ዶለዶመ። ሰዉም «ደኑን መንጥረን ገብስ እንዝራበት፣ ማር ሞቷል» ማለት ጀመረ። አንድ ጠዋት አባ ተድላ ከደኑ ዳር የመጥረቢያ ድምፅ ሰሙ። ሮጠው ሲደርሱ የገዛ ጎረቤታቸው ነበር። ሰውየው አፈረና መጥረቢያውን ጣለ፤ እሳቸው ግን ነገ ሌላ ሰው እንደሚያነሳው ገብቷቸዋል።

ያን ጊዜ ጓንጉል ተነሳ። «አባባ፣ እኔ ወርጄ ልየው» አለ።

«ምኑን?»

«ለምን እንዳልፈለጉት። እስከ ዛሬ ጠይቀን እናውቃለን?»

እውነትም ማንም ጠይቆ አያውቅም። ጓንጉል ወደቡ ወረደ። የዛፍ አባት ልጅ ነኝ፣ ክብሬ ይነካል አላለም፤ በአንድ ሽማግሌ ነጋዴ መጋዘን ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ። ሁለት ዓመት ሙሉ የየአገሩን ማር በጀርባው ተሸከመ፤ በጣቱ እየነካካ ቀመሰ፤ ቋንቋቸውን ለመደ። መርከብ የሚጭኑት ሰዎች ማሩን ለምን እንደሚፈልጉት፣ ማን ለመድኃኒት ማን ለዳቦ እንደሚገዛው አንድ በአንድ አወቀ። አንድ ቀን ነጋዴው መጋዘን ጥግ ተረስቶ የቆየ የዛንቦ ገንቦ ከፈተና ፊቱን አዞረ። ጓንጉል «ጌታዬ፣ ምኑ ነው የከፋው?» አለው።

«ልጄ፣» አለ ነጋዴው፣ «ይሄ ማር ነው ወይስ ከተቃጠለ ቤት የተረፈ? ድሮ ሌላ ስላጣን ገዛነው፤ አሁን የየአገሩ ጥሩ ማር ይመጣልናል።»

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ከተወለደ ጀምሮ ሲበላው የኖረውን ማር ያን ቀን ገና በሰው አፍንጫ አሸተተው። ያገሩ ሰው ከፍቅሩ ብዛት ነው ማሩን የገደለው! ወዲያው የሌላ አገር ማር በትንሽ ቅል ይዞ ዳገቱን ወጣ፤ ለሸንጎውም አቀመሰ። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን እያኮማተሩ «ይሄማ ጥሬ ነው፣ ጭሱ የታለ?» አሉ። አንዳንዱ ተሳለቀብን ብሎ ዱላ አነሳ። ጓንጉል ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ለራሳችሁ የፈለጋችሁትን ያህል አጢኑ፤ ለእነሱ የምንልከው ግን እነሱ የሚወዱትን ነው» አለ። አባ ተድላ ልጃቸውን አዩት። ይህን ያህል ዘመን ንብ ጠብቀው፣ የማሩን መጨረሻ አንድም ቀን አስበውት አያውቁም ነበር።

እሺ፣ በሽታው ታወቀ። መድኃኒቱስ? ገንቦውን አለማጠን ቀላል ነው። ማሩን ያለ ጭስ ልቁረጥ ያለ ሰው ግን ከዛፉ የሚወርደው በቃሬዛ ነው። የዛንቦ ንብ ቀልድ አያውቅም።

ይህን የተሸከመው ቢሻው ነው። ቢሻው ዝምተኛ ነው፤ ሰው ሲያወራ እጁ የሚሠራ ዓይነት። ቀርከሃ እየሰነጠቀ፣ ቀፎ እየሠራና እያፈረሰ አራት ዓመት ቆየ። ስንት ጊዜ እንደተነደፈ አትጠይቁኝ፤ አንድ ክረምት ፊቱ አብጦ እናቱ በድምፁ ነው የለየችው። አንድ ቀን ግን የተሰነጠቀ አሮጌ ቀፎ ሲያይ ቀጥ ብሎ ቀረ። በስንጥቁ ሠራተኞቹ ንቦች እየሾለኩ ማዶ ማር ያከማቻሉ፤ እንቁላል ጣይዋ አውራ ንብ ግን ሰውነቷ ትልቅ ነውና አታልፍም። አውራዋ ከሌለች እንቁላል የለም፣ እጭ የለም። ጥርት ያለ ማር ብቻ!

ቢሻው ቀፎውን ፎቅ አደረገው። ታች አውራዋና ልጆቿ፣ ላይ ማሩ፤ በመካከል የቀርከሃ ወንፊት፣ ቀዳዳው የገብስ ፍሬ የሚያሾልክ ያህል። ንቦቹ አበባ ፍለጋ በወጡበት በጠራራ ፀሐይ፣ በአፉ የያዘውን ቀዝቃዛ ውሃ እፍ ብሎ ይረጭና የላይኛውን ፎቅ ብቻ ብድግ ያደርገዋል። የታችኞቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ማን ምን እንደወሰደባቸውም ልብ አይሉም።

አባ ተድላን ጠርቶ አሳያቸው። ሽማግሌው እንደልማዳቸው ኩበት አጭሰው ሊቀርቡ ሲሉ «አባባ፣ እሳቱን ያጥፉት» አላቸው። አጠፉት። ልጃቸው እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፊቱን ሳይሸፍን፣ በቀትር፣ በማር የተሞላ ፎቅ ከቀፎው ላይ አንስቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ንቦቹ ክንዱ ላይ ይሄዳሉ፣ አንዷም አልነደፈችውም። ማሩ ፀሐዩን አሳልፎ መሬቱን ያሳያል። አባ ተድላ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «እኔ እኮ ንብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ እንባቸውም መጣ።

ቢሻውም እንደ ልማዱ የወንፊቱን ልክ በአባቱ ጆሮ ብቻ ነገራቸው። በገዛ እጁ እየሠራ በዓመት ሃያ ቀፎ አደረሰ። ጓንጉል ማሩን ይዞ ወረደ፤ ነጋዴው ቀምሶ ከመቀመጫው ተነሳ። «ይህ ከየት መጣ?» አለ። «ከዛንቦ» ሲባል አላመነም። ቀጥሎ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ ለዚህች ለእፍኝ ማር መርከብ አላስመጣም። መርከብ የሚሞላ ካላችሁ ከዓለም ዳርቻ አስመጣለሁ፤ ከሌላችሁ ግን ይህንኑ ለቤቴ ልግዛና ሂድ» አለው። ጓንጉል ተመልሶ ይህን ተናገረ፤ ቤተሰቡ አንገቱን ደፋ። ቢሻው ሌላ መቶ ዓመት ቢኖር መርከብ አይሞላም። ከደኑ ዳር መጥረቢያው እንደገና መሰማት ጀምሯል።

አሁን ትዋብ መጣች። ትዋብ ለወንድሟ ቀርከሃ ስትሰነጥቅለት የኖረች፣ ጥርሷ የማይከደን፣ ከማንም ጋር በአንድ ቃል የምትግባባ ልጅ ናት። በገበያ ቀን፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ መሐል ላይ ሰሌን አነጠፈችና አንዱን ቀፎ አምጥታ ዘረገፈችው። «ኑ፣ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ!» አለች።

ኧረ ምን ጉድ ነው! ገበያተኛው በሙሉ ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ። ቅቤ ሻጯ ቅቤዋን ጥላ ደፈነች፤ በግ ሻጩ ገመዱን ለቆ ደፈነ፤ በጎቹ ተበተኑ። ማንም የሚሰማ የለም። ትዋብ ዙሪያዋን አየችና ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ አፏን ዘጋች። ቃል ሳትተነፍስ ቀርከሃውን ሰነጠቀች፤ አንድ የገብስ ፍሬ ከፍ አድርጋ አሳየችና በቀዳዳው አሾለከችው፤ ባቄላ አሳየችና እንደማያልፍ አሳየች፤ ፎቁን አነሳች፣ መለሰች፣ ደግሞ አነሳች። ሰዉ ጆሮውን እንደደፈነ ዓይኑን ግን ማን ይከልክለው! መጀመሪያ አንዲት ሴት እጇን ከጆሮዋ አውርዳ ቀርከሃ አነሳች። ቀጥሎ ሌላ ሰው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበያው የቀርከሃ ስንጣሪ ምንጣፍ ሆነ። ንብም አልኮበለለም።

ትዋብ በዚህም አላበቃችም። ጀልባ ተሳፍራ ወንዙን ተሻገረችና ለሸለሞዎች አሳየቻቸው፤ ለእነዚያ ላልተመረጡት ልጆች፣ ለአጎቶቿ። የአባ ተድላ ታናሽ ወንድም ከሞተ ቆይቷል፤ ባለቤቱ እማማ ደብሪቱ ግን አሉ። ቀፎውን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ማሩስ ጥሩ፤ ገንቦው እኮ ይጠጣዋል፣ በመንገድም ይቦካል» አሉ። ሰም አቅልጠው የገንቦውን ሆድ ከውስጥ ለበጡት፣ አፉንም በሰም አተሙት። እንዲያ የታተመ ማር ዓመት ቢቀመጥ እንደተቆረጠበት ቀን ነው። ትዋብ ይህን ተምራ ተመለሰች፤ ዛንቦም ገንቦዋን በሰም መለበጥ ጀመረች። ከዚያ በኋላ አንዱ አገር ያገኘውን ሌላው ሳይሰማው የሚያድርበት ቀን አልነበረም። ዛንቦዎች የተሻለ መሰላል ሲሠሩ ሸለሞዎች ያውቁታል፤ ሸለሞዎች አዲስ የአበባ ዛፍ ሲተክሉ ችግኙ ወንዙን ይሻገራል።

ትዋብ ገበያ መሐል ሰሌን ባነጠፈች በሦስተኛው ዓመት የሁለቱ አገር ጭነት በአንድ መንገድ ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅ! መሪዋ በቅሎ ወደ ሸለቆው ወርዳ ማዶ ያለውን ተራራ ስትወጣ የመጨረሻዋ አህያ ገና ከዛንቦ ደን አልወጣችም። የደወሉ ድምፅ ሦስት ቀን ሙሉ አልተቋረጠም። አባ ተድላ ቀንዱን ከማስረከባቸው በፊት አንድ ጊዜ ባሕሩን ልይ ብለው በእርጅና ጉልበታቸው አብረው ወረዱ።

ባሕሩን ሲያዩ ቁጭ አሉ። ወንዝ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ማዶ የሌለው ውሃ አላሰቡም ነበር። መርከቡ ደግሞ ቆሟል፤ ምሰሶው ከደናቸው ረጅም ዛፍ ይረዝማል። ሰዎች እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ማር ወደ ሆዱ ያስገባሉ፤ ሆዱ አይሞላም። ሌላ መርከብ ከኋላው ተራ ይጠብቃል። አባ ተድላ «ይህ ሁሉ ለእኛ ማር ነው?» እያሉ ያገኙትን ሁሉ ጠየቁ። «ለዚሁ ነው» ይሏቸዋል። የማያውቁት አገር፣ የማያውቁት ልጅ፣ ነገ ከዛንቦ ደን የተቆረጠ ማር በዳቦ ሊበላ ነው! ሰው ጠብቆ የኖረው ነገር ይህን ያህል ርቆ ይሄዳል ብሎ ማን አስቦ ነበር?

ልክ በዚያች ሰዓት ከመርከቡ አፍ ላይ የቆመው ጠሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ። «የሸለሞ ማር! የሸለሞ ማር የሚጭን ወዲህ!»

አባ ተድላ የተሳሳቱ መሰላቸው። አልተሳሳቱም። ሸለሞ ከወንዙ በታች፣ ለባሕሩ የቀረበች ናትና ጭነቷ ቀድሞ ደረሰ፤ ወደቡም ማሩን ሁሉ በቀደመው ስም ጠራው። እንግዲህ የባሕር ማዶ ሰው በሙሉ የሚያውቀው የሸለሞን ማር ሊሆን ነው። ዛንቦ የሚባል አገር መኖሩን የሚያውቅ አይኖርም። አባ ተድላ ከመገረማቸው ሳይወጡ ልባቸው ተሰበረ፤ ሁለቱም ስሜት በአንድ ደረት ውስጥ ሆኖ አርባውን ቀን ዳገት ወጡ።

ሲደርሱ ሸንጎው ከወንዙ ዳር ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል። ቀንዱ የሚሰጥበት ቀን ነው። አገሩ ጨው አለው፣ ማረሻው ስል ነው፣ ልጆች አዲስ ኩታ ለብሰዋል፤ መጥረቢያ ያነሳም የለም። ሦስቱ ልጆች ከፊታቸው ቆሙ።

ጓንጉል ተናገረ። «አባባ፣ እኔ ባልወርድ ኖሮ ዛሬም ገንቦ እያጠናችሁ ነበር። ነጋዴው የሚያምነው እኔን ነው። እኔ ወደ ሸለሞ ከተሻገርሁ መርከቡ የሚጠራው ማንን እንደሆነ ሰምተዋል።»

ቢሻው ተናገረ። «ወንድሜ ያመጣው ወሬ ነው፤ ማንም መንገደኛ ሊያመጣው ይችል ነበር። ቀፎውን ግን ከእኔ በፊት ማንም አልሠራውም። ትዋብም ያስተማረችው የእኔን ነው።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «አስፈቅደሽኝ ነበር?»

«ብጠይቅህ እሺ ትል ነበር?» አለችው።

ቢሻው እውነተኛ ሰው ነው። «አልልም ነበር» አለ።

ትዋብ ተናገረች። «እኔ ከራሴ የፈጠርሁት የለም። ግን ወንድሞቼ ሁለት ሆነው ሃያ ቀፎ ነበራቸው፣ መርከብ አልነበራቸውም። ቀፎው ከአንድ ጆሮ ወጥቶ የሁሉ እጅ ሲገባ ነው መርከቡ የመጣው። ሰሙንም ያገኘነው ስለሰጠን ነው።»

ከሸንጎው አንዱ ጮኸ። «ስማችንንስ? ስማችንን ለሸለሞ የሰጠሽው አንቺ አይደለሽም?»

ትዋብ ጥርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከደነ። «ስሙ ሄዷል፣ እውነት ነው» አለች። «ጨው ግን መጥቷል።»

አባ ተድላ ወደ ሸንጎው ዞሩ። «ለሦስቱም ይሁን፤ ማንም ወንዙን አይሻገር» ብለው ለመኑ። እናንተም ይህን ልትሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ አይሆንም! ሽማግሌዎቹ «ቀንዱ ሦስት ባለቤት ካለው ደኑም ሦስት ድንበር ይኖረዋል፤ ድንበር ካለ መጥረቢያ አለ» አሉ። የመጥረቢያውን ድምፅ አባ ተድላ በጆሯቸው ሰምተውታልና ልመናቸውን ተዉ።

ቀንዱን ከአንገታቸው አወጡ። ለጓንጉል ቢሰጡት፣ ነገ ባሕር ማዶ የሰዉ ምርጫ ሲለወጥ ዛንቦ ቀድማ ትሰማለች፤ ግን የሚፈጥረው እጅና የሚያስተምረው አፍ ሁለቱም ሸለሞ ይሻገራሉ። ለቢሻው ቢሰጡት፣ ገና ያልታየ ነገር ይፈጥራል፤ ግን የፈጠረውን በአንድ ጆሮ ዘግቶ ሊያስቀረው ይችላል፣ ወደቡም የሚያውቀው ሰው ይሄዳል። ለትዋብ ቢሰጡት፣ ማንም ያገኘው ነገር ለሁሉ ይደርሳል፤ ግን ባለቤቱን ሳትጠይቅ የሰውን ድካም እንደገና አታድልም ያለ ማን ነው? የዛንቦስ ስም ተመልሶ ይመጣል?

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ሦስቱም ልጆች አንድ እርምጃ ወደፊት አሉ፤ ወንዙ ላይ ጀልባው ሁለት ሰው ሊያሻግር ተዘጋጅቶ ቆሟል። እኔ የሰማሁት እስከዚህ ድረስ ነው። የነገሩኝ ሰዎች ከዚህ በኋላ እርስ በርስ ተጨቃጭቀው ሳይስማሙ ነው የተለያዩት፤ እኔም ዛሬ አንዱን እላለሁ፣ ነገ ሌላውን። በሉ እንግዲህ፣ አሁን ተናገሩ፤ ያን መርከብ ያመጣው ማን ነው? የጠየቀው ነው፣ የፈጠረው ነው፣ ወይስ ያካፈለችው? እናንተ በአባ ተድላ ቦታ ብትሆኑ ቀንዱን ለማን ትሰጡታላችሁ?